101 ስንደውል የሚመጣው ሰው ግዴታ አለበት፤ እኛም አለብን

በዚህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ውልና ስለ ሂሳብ ደረሰኝ ነው። የዛሬው ጉዳይ ደረሰኝም ሥራም አለበት፤ ከሁለቱ በፊት ግን ነፍስ አለበት። ስለ አምቡላንስና በአምቡላንስ ስለሚመጡት ሰዎች ነው።

እኛ በየሰፈሩ ባሉ የኩፓት ሆሊም ክሊኒኮች የምንሠራ ነርሶች ነን። ደም ግፊት ስንለካ፣ ቁስል ስናጥብ፣ የስኳር መርፌ አወጋግ ስናሳይ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን አንድ ነገር ደጋግመን እንሰማለን፤ «ባለፈው ሌሊት ደረቴን ጨምድዶ ይዞኝ ነበር፤ ግን አልደወልኩም» ይሉናል። ለምን ብለን ስንጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው። አንዱ አባት «ገንዘብ ያስከፍላል» ይላሉ። አንዲት እናት «ዕብራይስጡ አይሆንልኝም» ይላሉ። ሌላው «ልጄ ከሥራ እስክትመለስ ልጠብቅ ብዬ ነው» ይላሉ። አራተኛዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰፈሩ ሁሉ ያያል፣ ወሬ ይሆናል» ይሉናል።

እነዚህ ስጋቶች ከባዶ የመጡ አይደሉም፤ ኑሮ ያስተማራቸው ናቸው። ሆኖም በአራቱም ላይ የአገሩ ሕግ የሚለው አለ። በ101 የሚመጣው ሰው ውለታ ሊውልልን አይመጣም፤ ሕግና የሙያ ሥነ ምግባር የጣሉበትን ግዴታ ይዞ ይመጣል። ያንን ግዴታ የሚያውቅ ቤተሰብ በጊዜ ይደውላል፣ ሕመሙን በግልጽ ይናገራል፣ ያልገባውን ወረቀት አይፈርምም።

የመዘግየት ዋጋው ከባድ ነው። በአንጎል ውስጥ ደም ረግቶ ስትሮክ (በዕብራይስጥ «ኤሩዋ ሞሒ») ሲመጣ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አፍ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። ልብ ሲቆም ደግሞ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። «ልጄ ከሥራ እስክትመለስ» የሚለው ጊዜ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

የሚመጣው ማን ነው?

ማጌን ዳቪድ አዶም፣ በአጭሩ ማዳ፣ በ1930 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) በቴል አቪቭ ተመሠረተ፤ በ1950 ደግሞ ክኔሴት በሕግ የአገሪቱ የድንገተኛ እርዳታ ድርጅት አደረገው። ስልኩ 101 ነው። 100 ፖሊስ፣ 102 እሳት አደጋ ነው። ከማዳ ሌላ በ1221 የሚጠራው ኢሁድ ሃጻላ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድርጅትም አለ።

በር ላይ የሚደርሱት ሰዎች ሁሉ እኩል ሥልጠና የላቸውም። በተራው አምቡላንስ የሚመጣው «ሆቬሽ» የሚባለው የድንገተኛ እርዳታ ሠራተኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ይመጣል። «ናታን» በሚባለው የከባድ ሕመም መኪና ደግሞ ፓራሜዲክ፣ አንዳንዴም ሐኪም አለበት። ከሁለቱም ቀድሞ በሞተር ሳይክል ወይም ከጎረቤት ሕንፃ በእግሩ ሮጦ የሚደርስ ፈቃደኛ ሊኖር ይችላል።

የመጀመሪያው የሥነ ምግባር ደንብ እዚህ ላይ ነው። ማንም ሰው ከሠለጠነበትና ከተፈቀደለት በላይ አይሠራም። ሆቬሹ «ናታን እስኪመጣ እንጠብቅ» ቢል ስንፍና ወይም ንቀት አይደለም፤ ለፓራሜዲክ የተፈቀደውን መድኃኒት እሱ በደም ሥር መስጠት ስለማይችል ነው። በሌላ በኩል ማን እያከመን እንደሆነ ማወቅ የእኛ መብት ነው። በ1996 የወጣው የሕሙማን መብት ሕግ (ሖክ ዝኩዮት ሃሖሌ) ማንኛውም ታካሚ የሚያክመውን ሰው ማንነትና ኃላፊነት የማወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። «ሚ አታ? ማ ሃታፍኪድ ሼልኻ?» ብሎ መጠየቅ ስድብ አይደለም፤ ሴት ከሆነች «ሚ አት? ማ ሃታፍኪድ ሼላኽ?» በሏት።

ሕጉ ምን ያዛል?

ይኸው ሕግ ድንገተኛ ሕመም ላይ ያለ ሰው አስቸኳይ ሕክምናን ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ቅድመ ሁኔታ ማለት «መጀመሪያ ክፈል»፣ «መጀመሪያ የኩፓት ሆሊም ካርድህን አምጣ» የሚለው ነው። ካርዱ ባይገኝም፣ ቦርሳ ውስጥ አንድ ሼቄል ባይኖርም እርዳታው ይሰጣል፤ ሂሳቡ በኋላ የሚታይ ነው።

ሕጉ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ፣ በብሔርና በትውልድ አገር ምክንያት በታካሚዎች መካከል ልዩነት ማድረግንም ይከለክላል። ጥሩ ሕክምና ማለት የመድኃኒቱ ጥራት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰብዓዊ አያያዝም እንደሚጨምር በግልጽ ይደነግጋል። የታካሚው ክብርና ገመና መጠበቅ አለበት። እናቶቻችን የልብ ምርመራ ሊደረግላቸው ልብሳቸው ሲገለጥ አንሶላ እንዲደረብላቸው፣ በክፍሉ ውስጥ የማያስፈልጉ ሰዎች እንዲወጡ መጠየቅ ይችላሉ። ሴት ሠራተኛ ካለች እሷ እንድትሠራ መጠየቅም ይቻላል። ሴት ከሌለች ግን ምርመራው አይዘግይ፤ ገመናን መሸፈን ይቻላል፣ የጠፋ ደቂቃ ግን አይመለስም።

ራሱን የሳተ ሰው ፈቃዱን መግለጽ ስለማይችል ሕጉ አስቸኳይ እርዳታ ያለ ፈቃድ እንዲሰጠው ይፈቅዳል። ወላጆቹ በሥራ ላይ ሳሉ በትምህርት ቤት ወይም በመንገድ ላይ ከባድ አደጋ የደረሰበት ልጅም እናቱ እስክትገኝ ድረስ ሳይረዳ አይቀመጥም።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»

አስተዳደጋችን መልካም ነው፤ እንግዳ ቤታችን ሲገባ ሕመማችንን አናስቀድምም። «እንዴት ነዎት?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። አምቡላንስ የመጣ ዕለት ይህ መልስ ይጎዳል። ወጣቱ ሆቬሽ «ማ ሽሎምኽ?» ሲል አዛውንቱ «በሴዴር» ብለው ይመልሳሉ፤ እሱም ታካሚው ደህና ነኝ ብለዋል ብሎ ይጽፋል። የመመርመር፣ የመለካት፣ የማየት ግዴታ አለበት፤ ነገር ግን ምርመራውን የሚጀምረው እኛ ከነገርነው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለ አባቶቻችን።

ስለዚህ ሰላምታውን አሳጥራችሁ ሕመሙን ንገሩ። መቼ ጀመረ? የት ነው? ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ? ዳማከሴም ሆነ ጤና አዳም፣ በቤት የጠጣችሁትንም አትደብቁ፤ ሠራተኛው ሊሰጣችሁ ካሰበው መድኃኒት ጋር የሚጋጭ መሆኑን ማወቅ አለበት። በአማርኛ «ልቤን አመመኝ» ስንል አንዳንዶቻችን የጨጓራውን አካባቢ ማለታችን ነው፤ በዕብራይስጥ «ሌቭ» ሲባል ግን ልብን ብቻ ነው። ቃል ከመፈለግ በእጅ ቦታውን ማሳየት ይሻላል።

«አልሄድም» ብሎ መፈረም

አእምሮው ሙሉ የሆነ ትልቅ ሰው ወደ ሆስፒታል አልሄድም የማለት መብት አለው። ሠራተኞቹም ጎትተው አይወስዱትም። ይሁን እንጂ ከመፈረሙ በፊት አለመሄዱ የሚያስከትለውን አደጋ የማስረዳት ግዴታ አለባቸው። ሕጉ መረጃው የሚሰጠው ታካሚው በተቻለ መጠን ሊረዳው በሚችልበት መንገድ መሆን አለበት ይላል። በፍጥነት በተነገረ ዕብራይስጥ የተሰጠ ማብራሪያ፣ አማርኛ ብቻ ለሚሰሙ እናት ማብራሪያ አይሆንም።

«ሴሩቭ ፒኑይ» የሚል ወረቀት ወይም በታብሌት ላይ የሚፈረም ነገር ሲቀርብላችሁ «ለሆስፒታል አልሄድም፣ አደጋውንም ተረድቻለሁ» ማለት እንደሆነ እወቁ። «የመጡበት ማረጋገጫ ነው» ብላችሁ አትፈርሙ። ካልገባችሁ «ሎ ሄቫንቲ» በሉ፤ አልገባኝም ማለት ነው። ለልጃችሁ ወይም ለጎረቤት ስልክ ደውላችሁ በድምፅ ማጉያ እንዲያስተረጉም አድርጉ። ፈርማችሁ ከቀራችሁ በኋላም ሕመሙ ከተመለሰ እንደገና መደወል ትችላላችሁ፤ ፊርማው በሩን አይዘጋም።

ልጆች አስተርጓሚ ሲሆኑ

በብዙ ቤቶች ከሁሉም የተሻለ ዕብራይስጥ የሚናገረው የአሥር ዓመቱ ልጅ ነው። ነፍስ በሚያሰጋ ሰዓት ሌላ ሰው ከሌለ አድራሻውንና ዋናውን ሕመም እሱ ይናገር፤ ከዝምታ ይሻላል። የሴት አያቱን የማህፀን ደም፣ የአባቱን የሽንት ችግር ወይም በቤት ውስጥ የተፈጠረ ጠብ እንዲያስተረጉም ማድረግ ግን ለልጁም ለታካሚዋም ትክክል አይደለም። ልጁ ይፈራል፤ እናቲቱም አፍረው ዋናውን ነገር ይተዋሉ።

የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊሞች አገልግሎታቸውን ከታካሚው ቋንቋና ባህል ጋር እንዲያጣጥሙ አዟል። በክሊኒክም ሆነ በ«ሚዮን»፣ በድንገተኛ ክፍል ማለት ነው፣ «አኒ ጻሪኽ ሜታርጌም ለአማሪት» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሴቶች «ጽሪኻ» ይላሉ። በስልክም ቢሆን የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ልጁ ከዚያ ወዲያ ወደ ልጅነቱ ይመለስ።

ምስጢር

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» ለሚለው ስጋት የሕጉ መልስ ጠንካራ ነው። የሚያክም ሰውና የሕክምና ተቋም ሠራተኛ በሥራው ያወቀውን የታካሚ ጉዳይ በምስጢር መያዝ አለበት። መረጃውን ለሆስፒታሉ ሐኪም ያስተላልፋል፣ ለሕክምናው ያስፈልጋልና። ለጎረቤት፣ ለዕድር አባላት፣ ለእህቱ ባል ግን አይናገርም። የሚመጣው ፈቃደኛ ከእኛው ማኅበረሰብ ቢሆን እንኳ፣ ቅዳሜ በጸሎት ቤት አብሮን የሚቀመጥ ቢሆን እንኳ፣ ያየውን እዚያው ትቶ መውጣት ግዴታው ነው። አዋቂ ታካሚ ካልፈቀደ ለገዛ ልጁም ቢሆን ዝርዝሩ አይነገርም።

ከመንገድ የሚመለከቱ ሰዎችም ነፃ አይደሉም። በ1981 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ፣ የተጎዳን ሰው ማንነቱ በሚታወቅበትና ሊያሳፍረው በሚችል ሁኔታ ፎቶውን ማሰራጨትን የመብት ጥሰት ያደርገዋል። በሰፈር ዋትሳፕ የሚዞረው የአምቡላንስ ቪድዮ አልጋው ላይ ያሉትን እናት አልጠየቀም።

ምስጢር ግን ወሰን አለው። የአገሪቱ የወንጀል ሕግ፣ በልጅ ወይም ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ እሱን እንዲጠብቅ ኃላፊነት ያለበት ሰው በደል እንደፈጸመ ለማመን ምክንያት ያለው ሁሉ ለፖሊስ ወይም ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ በሐኪሞች፣ በነርሶችና በመሳሰሉት ባለሙያዎች ላይ ይበልጥ የጠበቀ ነው፤ ካላሳወቁ የሚጠብቃቸው ቅጣትም ከሌላው ሰው ይከብዳል። እኛም እንደ ነርስ ይህ ግዴታ አለብን። ስለ ልጁ ቁስል ጥያቄ ሲበዛ «ጠርጥረውን ነው» ብለን ከመቆጣት፣ የሆነውን እንደሆነ መናገር ይሻላል። ጥያቄው ለእያንዳንዱ ልጅ የሚጠየቅ ነው።

እኛ ላይ ያለው ግዴታ

ሕጉ የሚናገረው ለአምቡላንስ ሠራተኛ ብቻ አይደለም። በ1998 ክኔሴት ያወጣው ሕግ ስሙን የወሰደው ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ነው፤ በዕብራይስጥ «ሎ ታአሞድ አል ዳም ሬኤኻ» ይባላል። አንድ ሰው በፊታችን በድንገት ከባድ አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ራሳችንንም ሌላውንም አደጋ ላይ ሳንጥል መርዳት ከቻልን፣ የመርዳት ግዴታ አለብን። እየቻለ አይቶ ያለፈ ሰው በገንዘብ ሊቀጣ ይችላል።

ብዙ አዛውንቶች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ «እኔ ምን አውቃለሁ? ነክቼ ብገድለውስ?» ይላሉ። ሕጉ ለዚህም መልስ አለው፤ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ወይም መርዳት የሚችል ሌላ ሰው መጥራት ራሱ እርዳታ ነው። በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰው ወድቆ ስታዩ 101 መደወል፣ ዕብራይስጡ ካስቸገረ አላፊ አግዳሚውን በእጅ ይዞ ማስቆም ግዴታን መወጣት ነው። ሲረዳ ወጪ ያወጣ ሰው ካለ፣ አደጋውን የፈጠረው ሰው ወጪውን እንዲተካለት ፍርድ ቤት ሊያዝ ይችላል።

በስልክ ያለው ሠራተኛ «ደረቱን ተጫኑ» ካለ አትፍሩ። ራሱን የሳተና የማይተነፍስ ትልቅ ሰው በደረቱ መካከል በሁለት እጅ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጠለቅ ብሎ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል። በ2008 በወጣ ሕግ መሠረት ሕዝብ በሚበዛባቸው ቦታዎች የልብ ማስነሻ መሣሪያ (ዴፊብሪላቶር) መቀመጥ አለበት። መሣሪያው ሲከፈት በድምፅ ይመራል፤ ልቡን ራሱ መርምሮ አስፈላጊ ካልሆነ ኤሌክትሪክ አይለቅም። ዕብራይስጥ የሚሰማ ወጣት አጠገባችሁ ካለ እሱን ጥሩ።

ሰንበትስ? ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል፤ «ፒኩዋሕ ኔፌሽ» የሚባለው ይህ ነው። ልባችሁ ካልተረጋጋ ቄሳችሁን ወይም ረባችሁን አስቀድማችሁ፣ በሥራ ቀን ጠይቁ። ጥያቄውን ለሕመሙ ሌሊት አታቆዩት።

ክፍያው

አሁን ወደ ደረሰኙ እንምጣ። በአብዛኛው የማዳ ሂሳብ በኋላ ወደ ቤት ይላካል። ሰውየው በማዳ አምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ሄዶ ክፍል ይዞ ከተኛ («ኢሽፑዝ») የአምቡላንሱን ክፍያ ኩፓት ሆሊሙ ይሸፍናል። በሚዮን ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ወደ ቤት ከተመለሰ ግን በመደበኛው ራሱ ይከፍላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ የሚሰጣችሁን ደብዳቤ («ሚኽታቭ ሺሕሩር») አትጣሉ፤ ከአምቡላንሱ ሂሳብ ጋር ይዛችሁ ወደ ኩፓት ሆሊማችሁ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።

የአምቡላንስ ክፍያና የሚዮን ክፍያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከሚዮን ክፍያ ነፃ የሚያደርጉ ምክንያቶች አሉ፤ ለምሳሌ ሆስፒታል መተኛት፣ አዲስ የአጥንት ስብራት፣ መሰፋት ያለበት ቁስል፣ ምጥ፣ በድንገተኛ ሁኔታ ከመንገድ ወይም ከሕዝብ ቦታ በአምቡላንስ መነሳት። ሂሳብ ከመጣ ከመክፈላችሁ በፊት ከእነዚህ አንዱ እንደሚመለከታችሁ አረጋግጡ።

አደጋው በሥራ ላይ ወይም ወደ ሥራ ስትሄዱ የደረሰ ከሆነ መንገዱ በቢቱዋሕ ሌኡሚ በኩል ነው። አሠሪያችሁ «ቢ.ኤል. 250» የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ይስጣችሁ፤ በኩፓት ሆሊም ለሚደረገው ሕክምና ይህ ፎርም ያስፈልጋል። የአምቡላንሱንም ሂሳብ ከዚያው ጋር አያይዙ። በጽዳት፣ በግንባታና በፋብሪካ የምትሠሩ ወገኖች፣ «ቤት ውስጥ ነው የወደቅኩት በል» የሚላችሁ አለቃ ቢኖር አትስሙት። ለሠራተኞቹም፣ ለሐኪሙም የሆነውን እንደሆነ ተናገሩ። መጀመሪያ የሚጻፈው ቃል በኋላ መብታችሁን የምታስከብሩበት ማስረጃ ነው።

ልጆቻችን አምቡላንስ ላይ

ብዙ ወላጆች ልጃቸው በማዳ በጎ ፈቃደኛ መሆን እንደሚፈልግ ይነግሩናል። ከ15 ዓመት ጀምሮ ይቻላል፤ ከዚያ በፊት 60 ሰዓት የሚፈጅ የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ ይወስዳሉ። ልጃችሁ የሚሠራው በሠለጠነ ኃላፊ ሥር ነው፤ ብቻውን አይወስንም፣ ያልተማረውን አይሠራም።

የምስጢር ግዴታው ግን እንደ ትልቅ ሰው ነው። ልጅቷ ከአገልግሎት ተመልሳ ለሰንበት ማዕድ ስትቀመጥ «ዛሬ ከእነማን ቤት ሄዳችሁ?» ብላችሁ አትጠይቋት። ብትናገር ግዴታዋን ትጥሳለች፣ ዝም ብትል ወላጆቿን ያከበረች አይመስላትም። «ደክሞሻል፣ ብዪ» በሏት። እንቅልፍ ካጣች፣ ከወትሮው ዝም ካለች ደግሞ ያየችው ከብዷት ይሆናል፤ ለኃላፊዋ እንድትናገር አበረታቷት፣ እናንተም ከቤተሰብ ሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። እውቅና ባለው ድርጅት ተልኮ በአገልግሎት ላይ ሳለ የተጎዳ በጎ ፈቃደኛ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ሠራተኛ ያለ መብት ሊኖረው ስለሚችል፣ ጉዳት ከደረሰ ወረቀቱን ያዙ።

መንገዱ ወደ እንጀራም ያደርሳል። ከፈቃደኝነት ወደ ሆቬሽነት፣ በሠራዊት ወይም በሸሩት ሌኡሚ በሕክምና ዘርፍ ወደ ማገልገል፣ ከዚያ ወደ ፓራሜዲክነት የሄዱ አሉ። በቤር ሼቫ ያለው የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ በድንገተኛ ሕክምና ዲግሪ ይሰጣል። ነርስነትም ከዚሁ የሚጀምር ብዙ ጊዜ አለ። የአያቷን አማርኛ የምትሰማ ፓራሜዲክ በአንድ ቤት ደጃፍ ስትቆም ምን እንደምትጠቅም እኛ በየቀኑ በክሊኒካችን እናየዋለን።

ቅር ሲለን

በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ የማይቻል ትዝታ አለ። በጥር 1996 የማኅበረሰባችን ሰዎች የለገሱት ደም በማዳ የደም ባንክ በምስጢር ሲጣል እንደነበር በጋዜጣ ተገለጠ። ወላጆቻችን በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የሚመራ ኮሚቴም ተቋቋመ። ብዙዎቻችን ያኔ ሕፃናት ነበርን፤ ቁስሉን ግን ከቤታችን ወርሰነዋል። «እነሱን ነው የምጠራው?» የሚሉ አባት ለምን እንደሚሉ እናውቃለን።

መልሳችን ይህ ነው። ቅሬታ በወረቀት ይቀርባል፤ ድንገተኛ ሕመም ግን በስልክ ይጠራል። በአምቡላንስ ሠራተኛ አያያዝ ከተበደላችሁ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሠራተኛውን ስም ጻፉ። የሕክምና መዝገባችሁን ቅጂ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ጠይቁ። ከዚያ ለድርጅቱ ራሱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ መልስ ካጣችሁ ወደ ጤና ሚኒስቴር ሂዱ፣ የመረጃ ስልኩ *5400 ነው። በደሉ በትውልድ አገር ምክንያት ከመሰላችሁ በ2016 ከፓልሞር ኮሚቴ ዘገባ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር የተቋቋመው ዘረኝነትን የሚታገል ክፍልም አለ። ሕመሙን ታግሶ ቤት መቀመጥ ግን ማንንም አይቀጣም፤ የሚጎዳው ታማሚውን ነው።

ዛሬ ማታ የሚደረግ

አንድ ወረቀት ወስዳችሁ፣ ዕብራይስጥ የሚጽፍ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፣ የሚከተለውን በትልቁ አስጽፉና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። የከተማው ስም፣ መንገዱ፣ የቤት ቁጥሩ፣ ፎቁና የበሩ ኮድ፤ የእያንዳንዱ አዛውንት ስምና የመታወቂያ ቁጥር፤ የሚወስዱት መድኃኒትና የማይስማማቸው መድኃኒት፤ ስልክ የሚያነሳ የአንድ ልጅ ቁጥር።

ከሥሩ እነዚህን በአማርኛ ፊደል ጻፉ።

«አኒ ሜዳቤር አማሪት»፦ አማርኛ ተናጋሪ ነኝ (ሴት፦ «ሜዳቤሬት»)።
«ሎ ኖሼም»፦ አይተነፍስም (ለሴት፦ «ሎ ኖሼሜት»)።
«ኢቤድ ሃካራ»፦ ራሱን ስቷል (ለሴት፦ «ኢብዳ ሃካራ»)።
«ኬኤቪም ባሐዜ»፦ የደረት ሕመም።

ስትደውሉ መጀመሪያ አድራሻውን ተናገሩ፤ ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ አምቡላንሱ የት እንደሚመጣ ይታወቃል። ሠራተኛው «ዝጉ» እስኪል ስልኩን አትዝጉ። አንድ ሰው ወርዶ በሩን ይክፈት፣ የደረጃውን መብራት ያብራ፣ ውሻ ካለ ይሰር።

ወረቀቱን ከለጠፋችሁ በኋላ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አያቶች ያንብቡት፤ ልጆች ያርሙ። ያልገባችሁ ነገር ካለ ወደ ክሊኒካችሁ ይዛችሁት ኑ፤ አብረን እናነባለን። ጤና ይስጥልን።